ለእኩዮቼ፦ የልጅ ልጆቻችን ስም ከመዝገብ ሳይሰፍር

ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ይህን ቃል የምጽፈው ለወጣቶች አይደለም። የምጽፈው ለእናንተ ነው፤ ከእኔ ጋር በአንድ ዘመን ተወልዳችሁ፣ በአንድ ዘመን ተስፋ አድርጋችሁ፣ በአንድ ዘመን ለቅሶ ለተቀመጣችሁ፣ ዛሬ ደግሞ በልጆቻችሁ ቤት በክብር ወንበር ተስቦላችሁ፣ ቡና ቀርቦላችሁ፣ ለአራሱ ስም ሲወጣ ዝም ብላችሁ ለምትሰሙት ነው። ወጣቶቹ የሚያደርጉትን የሚያደርጉት ያላዩትን ስለማያውቁ ነው፤ ያላየ ደግሞ አይፈረድበትም። ያየ ሰው ግን መንገዱ ወዴት እንደሚወስድ እያወቀ አፉን ቢይዝ፣ ኋላ ለሚመጣው ሐዘን ከፊት የሚጠየቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ቅሬታዬን ሳይሆን ስጋቴን ላካፍላችሁ፤ ጊዜው ገና ሳያልፍ እንድትሰሙኝ እለምናችኋለሁ።

በአዲስ አበባም ሆነ በክልል ከተሞች፣ ዘመዶቻችን ባሉበት በአሜሪካም ሆነ በአረብ አገር፣ የስም አወጣጡ ልማድ እየተመሳሰለ መጥቷል። ሕፃኑ ገና በማኅፀን ሳለ እናትና አባት ስልካቸውን ከፍተው የስም ዝርዝር ያገላብጣሉ፤ ከእያንዳንዱ ስም አጠገብ የዕብራይስጥ ወይም የግሪክ ነው የተባለ ያማረ ፍቺ ተጽፏል፤ ፍቺውን ማን እንዳወጣው፣ ከየትኛው መጽሐፍ እንደተገኘ የሚጠይቅ የለም። ዘንድሮ የተወደደው ስም ሰፈሩን ያዳርሳል፣ ከርሞ ሌላ ይተካዋል። አንዱ ቤት ከአባትና ከእናት ስም ፊደል ቆንጥሮና ገጣጥሞ ከዚያ በፊት ማንም ያልተጠራበትን ስም ይሠራል፤ ሌላው ቤት ከባሕር ማዶ መጥቶ በአማርኛ ከተተረጎመ ተከታታይ ድራማ ስም ይወስዳል። አያት ስሙን የሚሰማው ከተወሰነ በኋላ ነው። አንዳንዱም ምላሱ አልታዘዝ እያለው፣ የገዛ የልጅ ልጁን በስሙ ሳይጠራ «ማሙሽ» ወይም «ሚጣ» እያለ ዕድሜውን ይጨርሳል።

ይህ ነገር ቀላል የሚመስለው በእኛ ዘንድ ስም የሚሠራውን ሥራ ለረሳ ሰው ነው። አውሮፓዊው ለልጁ የወደደውን ስም ቢያወጣ የቤተሰቡ ስም ከኋላ ተከትሎ ዘሩን ይይዝለታል፤ የፊተኛው ስም ቢቀል የኋለኛው ይከብዳል። እኛ ግን የቤተሰብ ስም የለንም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የቤተሰብ ስም እንዲኖር ደንግጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን አልተከተለውም፣ እስከ ዛሬም የራስን፣ የአባትንና የአያትን ስም ደርድሮ ይጠራል፤ ሴቷም ብታገባ የአባቷን ስም አትጥልም። እንግዲህ ዛሬ ለወንድ ልጅ የሚወጣው ስም የእርሱ ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ ነገ የልጆቹ የአባት ስም ነው፣ ከነገ ወዲያ የልጅ ልጆቹ የአያት ስም ነው። በዲፕሎማ ይጻፋል፣ በጋብቻ ወረቀት ይጻፋል፣ በችሎት ይጠራል፣ በመጨረሻም በመቃብር ድንጋይ ላይ ይቀረጻል። በአራስ ቤት የሚያምረው ሁሉ በሸንጎ አያምርም፤ ለሕፃን የተቆላመጠበት ስም ለባለ ሽበት ሰው ሲሆን፣ ከዚያም አልፎ ለሌላ ትውልድ የአባት ስም ሆኖ ሲወርድ ምን እንደሚመስል አስቦ የሚያወጣ ሰው ካልተገኘ፣ የአንድ ወር ደስታ የሦስት ትውልድ ሸክም ይሆናል።

እህቶቼ፣ ለእናንተ ደግሞ ከዚህ የበለጠ የምለው አለኝ። በእኛ አጠራር ሁለተኛውም ሦስተኛውም ስም የአባት ወገን ነው። የእናት አባት፣ የእናት እናት፣ ቤቱን ያቆመች፣ ወላድን ያራሰች፣ ቀባሪ ያስተናገደች፣ ልጁን በጀርባዋ ያዘለች አያት ወደ ልጁ ስም የምትገባበት በር አንዱ የመጀመሪያው ስም ብቻ ነው። ያም በር ለማያውቃት አገር ስም ሲከፈት መጀመሪያ ውጭ የምትቀረው እርሷ ናት። የአባት ስም በሕግና በልማድ ተጠብቆ ለሁለት ትውልድ ይኖራል፤ የእናት ወገን ግን ስም አውጪው ካላሰበው በአንድ ቀን ይጠፋል። ብዙ ሴት አያቶች ይህ በዓይናቸው ፊት ሲሆን አይተው አንድ ቃል አልተናገሩም።

ቀድሞ ስም ሲወጣ ቤቱ ያሳለፈው ነገር አብሮ ይገባበት ነበር። ልጅ ቀብሮ ዳግመኛ የወለደ ሰው ምትኩ፣ ካሳ፣ ማስረሻ፣ ተካ እያለ ይሰይም ነበር፤ ልጁም ከእርሱ በፊት የሄደ ወንድም ወይም እህት እንዳለው ሳይነገረው አያድግም። ዝናብ ጠፍቶ ኖሮ በመጣ ጊዜ የተወለዱት ዘነበና ዘነበች ተባሉ። ከአምስቱ ዓመት የጠላት ዘመን በኋላ ድሉ፣ ነፃነት፣ ይርጋለም የተባሉ ልጆች ተወለዱ፤ ስማቸውን የጠራ ሁሉ አገር ያለፈችበትን ሳያስበው አይቀርም ነበር። ክርስቲያኑ ወንዱን በ40 ቀን፣ ሴቷን በ80 ቀን ሲያስጠምቅ ከዕለት ስሙ ሌላ ወልደ ሚካኤል፣ ገብረ ማርያም፣ ወለተ ጊዮርጊስ የሚል የክርስትና ስም ያሰጥ ነበር፤ ሙስሊሙም በሰባተኛው ቀን ዐቂቃ አርዶ በዘመድና በጎረቤት ፊት ስሙን ይነግር ነበር። ሰው በሁለቱም ቤት ወደ ስሙ የሚገባው በምስክር ፊት ነበር፤ ስሙን የሰሙት ሁሉም ኋላ ሲያጠፋ ይመክሩታል፣ ሲቸገር ይደርሱለታል።

ነገሥታቱም ስም ሲለውጡ ጌጥ ፍለጋ አልነበረም። ካሳ ኃይሉ በ1847 ዓ.ም. ሲነግሡ ቴዎድሮስ የሚለውን ስም የያዙት ሕዝቡ በትንቢት ይጠብቀው የነበረ የንጉሥ ስም በመሆኑ ነው፤ ከስሙ ጋር የሕዝቡን ተስፋ ተሸከሙ፣ እስከ መቅደላም ተሸክመውት ሄዱ። ተፈሪ መኰንን በ1923 ዓ.ም. ዘውድ ሲጭኑ የያዙት ስም በሕፃንነታቸው በጥምቀት የተቀበሉትን ኃይለ ሥላሴ የሚለውን ነው፤ አዲሱ የንግሥ ስም ከአሮጌው የክርስትና ስም ወጣ። እነዚህን ያነሣሁት ዘውድን ላመሰግን ብዬ አይደለም። በእኛ አገር ስም ሰውን የሚያስጌጥ ብቻ ሳይሆን የሚያስገድድ፣ ከማን መጣህ ወዴትስ ትሄዳለህ ብሎ የሚጠይቅ ነገር እንደነበረ ለማስታወስ ነው።

ከዚህም በላይ ስም መቁጠሪያ ነበር። በጎጃም፣ በቤጌምድር፣ በሌላውም የርስት አገር፣ ከመሬት ድርሻዬ ይሰጠኝ የሚል ሰው አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን እየጠራ እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት፤ በእናቱም በኩል ቢሆን እንዲሁ ነው፤ በመካከል አንድ ስም የጠፋበት ሰው ድርሻውን ይዞ አይቆምም። ልጅ ሲዳርም ሽማግሎች ሁለቱን ወገን ሰባት ቤት ቆጥረው ዝምድና አለመኖሩን ሳያረጋግጡ ቃል አይሰጡም ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ መሆኑ ሲታወጅ በሰው ማሳ ላይ የኖረው ጭሰኛ ከቀንበር ወጣ፤ ይህ ሊካድ የማይገባው ታላቅ ነገር ነው። ነገር ግን ከርስቱ ጋር ርስቱን ሲጠብቅ የኖረው የትውልድ ቆጠራም ሥራ ፈታ። ዳኛ የማይጠይቀውን ነገር አባት ማስጠናት ተወ፣ አባት ያላስጠናውን ልጅ አልያዘም፤ ዛሬ ከአያቱ አልፎ ሦስት ስም መጥራት የሚችል ወጣት በከተማ ብትፈልጉ በቀላሉ አታገኙም። መቁጠሪያው ሲጠፋ ዝምታችን የጀመረው ያኔ ነው።

ስም ከባለቤቱ ሲለይ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ከእኛ ሌላ ማን ያውቃል? በልጅነታችን ዘመን በኦሮሞው አገርም በደቡቡም አገር ልጆች ተማሪ ቤት ሲገቡ፣ እናታቸው ያወጣችላቸው ስም ለመምህሩ ጆሮ አልጥም እያለ በሌላ ስም ተመዘገቡ። ስም የቀየረው መምህር ምናልባት ክፉ አላሰበም፤ ልጁ ግን ቤት ሲገባ በአንድ ስም፣ ደጅ ሲወጣ በሌላ ስም እየተጠራ፣ ከሁለቱ በአንዱ ያለማፈር ሳይችል አደገ። ያ ቁስል ለብዙ ዓመታት ሳይሽር ቆይቶ በልጆቹና በልጅ ልጆቹ አፍ ጥያቄ ሆኖ ወጣ፤ ጥያቄውም እውነት ነበረው። ወደ እስራኤል የተሻገሩት ወገኖቻችንም፣ በ1977 ዓ.ም. ከሱዳን በኩል የተወሰዱትም በግንቦት 1983 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን የተጫኑትም፣ ልጆቻቸው በአዲሱ አገር የዕብራይስጥ ስም ተሰጥቷቸዋል፤ ካደጉ በኋላ አያት ወዳወጣላቸው ስም የተመለሱ ብዙ ናቸው። የተነጠቀ ስም እንዲህ ባለቤቱን ሲጠራ ይኖራል። በፈቃድ የተጣለ ስም ግን የሚያስመልሰው የለውም፤ ማን እንደወሰደው የሚከሰስ የለምና።

ዘመን ያወጣውን ስምም አይተናል። በ1966 ዓ.ም. ለውጡ ሲመጣ የአገሩ ልብ ሁሉ ሞቆ ነበር፤ በዚያ ሙቀት አብዮት የተባሉ፣ ትግል የተባሉ ልጆች ተወለዱ። አባቶቻቸው በሙሉ ልብ ነበር የሰየሟቸው። ሁለት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ያ ቃል በብዙ ቤት የለቅሶ ቃል ሆነ፤ ልጁ ግን ስሙን ይዞ ተማሪ ቤት ገባ፣ ስሙን ይዞ ሥራ ፈለገ፣ ሥርዓቱ ሲወድቅም ስሙ አብሮት ቆመ። በዚያው ዘመን ወጣቶቻችን በሕቡዕ ስም ይንቀሳቀሱ ነበርና፣ ሲሞቱ በየትኛው ስም እንደሞቱ ያልታወቀ፣ እናታቸው በምታውቀው ስም ስትጠይቅ እዚህ የለም እየተባለች ከበር ወደ በር የተንከራተተችባቸው ብዙ ናቸው። ዛሬም ወደ አረብ አገር ለሥራ የምትሄደው ልጃችን አንዳንድ ጊዜ ደላላ በሰጣት፣ ከሃይማኖቷ ባልሆነ ስም ትሻገራለች፤ ክፉ ቀን ቢያገኛት በየትኛው ስም ትፈለግ? ስም ተራ ነገር እንዳልሆነ ሰው የሚያውቀው ሰው ሲጠፋበት ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝን ልናገር። ባሳለፍናቸው የመከራ ዓመታት ሰው በስሙ ተለይቶ ከመኪና እንደወረደ፣ መታወቂያው ላይ ያለው የአባት ስም ስለተነበበ ብቻ መንገድ ላይ እንደቀረ ሁላችንም ሰምተናል፤ ከእኛ መካከል በሐዘኑ የተቀመጠም አለ። ከዚያ ወዲህ በየቤቱ ሁለት ዓይነት ስም ሲወጣ አያለሁ። አንደኛውን ፍርሃት ያወጣዋል፤ ልጁ የማን ነው፣ ከወዴት ነው እንዳይባል፣ ከየትም ያልሆነ፣ ለማንም የማይናገር ስም ይፈለግለታል። ሁለተኛውን ቁጣ ያወጣዋል፤ ሕፃኑ ገና አንገቱ ሳይጠና የአባቱን ጠብ በግንባሩ እንዲጽፍ፣ ለአንዱ ወገን ሰንደቅ ለሌላው ዛቻ እንዲሆን ይሰየማል። ወላጆቹን አልወቅስም፤ የፈራ ሰው ልጁን ይደብቃል፣ የተበደለ ሰውም ይቆጣል። ነገር ግን ሕፃን በፍርሃት ስም ሲጠራ የሚማረው ከየት እንደመጣ መናገር አደጋ መሆኑን ነው፤ በቁጣ ስም ሲጠራም የሚማረው ከመወለዱ በፊት ጠላት እንደነበረው ነው። ሁለቱም አንድ ቀን ከአንድ ክፍል፣ ከአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። የሚተርፋቸውን እናንተ ታውቃላችሁ፤ አንድ ጊዜ አይታችሁታልና።

እንግዲህ በዚሁ ብንቀጥል ወዴት እንደምንደርስ በእርጋታ እናስብ። ከሁለት ትውልድ በኋላ የሚኖር ወጣት ሦስት ስሙን ይደረድራል፤ የራሱ በተወለደበት ዓመት ከተወደዱት የተመረጠ ነው፣ የአባቱ ከዚያ ቀድሞ ተወድዶ ከተረሳ ዘመን የቀረ ነው፣ የአያቱ ከዝርዝር የተለቀመና ፍቺው የማይታወቅ ነው። ሦስቱን ቢመረምራቸው አንዱም ወደ ሰው አይወስደውም፤ ስለ ረሃብ፣ ስለ ዘመቻ፣ ስለ ስደት፣ ስለ ሞተ ወንድም፣ ስለ ተፈጸመ ስእለት የሚነግረው የለም። የእኛን ስም ደግሞ ቀድሞ ጥሎታል፤ አሁንም የአያቱን ስም የገጠር ነው ብሎ የሚያፍርበት፣ በሚታይበት ቦታ ሁሉ ቆርጦ የሚያስቀረው ወጣት ጥቂት አይደለም። ስሙ ከየትም ያላመጣው ሰው፣ ከየት እንደመጣ የሚነግረውን የመጀመሪያውን ጯኺ ያምናል። ዘር ነግረውት፣ ቂም ነግረውት፣ የሌለ ታሪክ ነግረውት ቢያስከትሉት፣ ከቤቱ ሰምቶት የነበረ ሌላ ቃል የለውምና የሚመልሰው አይኖርም። ዛሬ እንደ ዋዛ የምናልፈው ነገር ፍሬው ይህ ነው፤ ለዚህ ነው ስለ አራስ ስም እያወራሁ ልቤ የሚርድ።

አዲስ ስም ሁሉ ክፉ ነው እንደማልል ግን ተረዱልኝ። ከሃይማኖት የሚወጣ ስም በዚህ አገር አዲስ አይደለም፤ ዮሐንስና ይስሐቅ፣ ሣራና ሐና፣ ኢብራሂምና ፋጡማ ከእኛ ጋር ብዙ መቶ ዓመት ኖረዋል። በእኛም ዘመን ብርሃኑና ፀሐይ፣ አልማዝና ወርቅነሽ በየመንደሩ ይበዙ ነበር፤ የዘመን መውደድ ከሰው ባሕርይ ነውና ማንም አይከለክለውም። ልዩነቱ ሌላ ነው። ያን ጊዜ ስሙን ያወጣ ሰው ይታወቃል፤ አያት ናት፣ አጎት ነው፣ የነፍስ አባት ነው፤ ለምን እንዳወጣውም ይጠየቃል፣ ልጁም ሲያድግ ይነገረዋል። በአሜሪካ ያለው ልጃችሁ መምህሯ ሳይቸገር የሚጠራውን አጭር ስም ለሴት ልጁ ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ በሰው አገር የሚያድግ ልጅ የሚሰማውን እርሱ ያውቃል። ነገር ግን ያ አጭር ስም ከአያቷ ስም ጋር በአንድ ነገር ቢተሳሰር፣ ያም ባይሆን የክርስትና ስሟን ወይም የቤት ስሟን አውቃ ብታድግ ምን ይጎድልባታል? ስም አዲስ ቢሆን ምንም አይደለም። ምክንያት የለሽ ሲሆን ግን ወላጅ እንደሌለው ይቆጠራል።

ደግሞም የዛሬ ስህተት እንደ ድሮው በቀላሉ የሚታረም አይደለም። ቀድሞ ሰው በአንድ ስም ተወልዶ በሌላ ስም ያድግ ነበር፤ የቤት ስም፣ የክርስትና ስም ነበረው፣ ሙሽራይቱም አማቷ ያወጣችላትን ስም ትቀበል ነበር፤ ያልበጀው ስም በዝምታ ወድቆ የበጀው ይቆም ነበር። አሁን ግን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አለ። አዋጅ ቁጥር 760/2004 ልደት በ90 ቀን ውስጥ እንዲመዘገብ ያዝዛል፣ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ይህ በጎ ነገር ነው፤ ልጁ ሰው መሆኑን አገሩ የሚያውቅበት ነው። ነገር ግን መዝገብ የያዘውን ስም ለማስለወጥ ችሎት መቆም ያሻል፤ ስሙ ወደ እንግሊዝኛ ፊደል ሲገለበጥም አንድ ፊደል ቢለያይ ወንድማማቾች በፓስፖርታቸው የሁለት አባት ልጆች መስለው ይታያሉ፣ ይህንንም ለማስተካከል ስንቱ ቢሮ ለቢሮ ሲመላለስ ይውላል። ስለዚህ ቃላችን የሚጠቅመው ከመዝገቡ በፊት ነው። ለወንዱ 40 ቀን፣ ለሴቷ 80 ቀን፣ ለመዝገቡ 90 ቀን አለ፤ ቤተሰብ ተቀምጦ፣ ተማክሮና ጸልዮ ስም ለማውጣት ይህ አይበቃም የሚል የለም።

ታዲያ ምን እናድርግ ብትሉኝ፣ አዛዥ አንሁን። ልጆቻችንን ተጭነን የራሳችንን ስም ብናስወጣ፣ ከእነርሱ ላይ የምንጥልባቸው ሌላ ሸክም ነው፤ የወለደ ልጁን መሰየም ይገባዋል። እኛ የሚገባን መንገር ነው። ምጥ ከመድረሱ በፊት ወደ ልጃችሁና ወደ ምራታችሁ፣ ወደ ልጃችሁና ወደ አማቻችሁ ቤት ሂዱ። ከሁለቱም ወገን የምታውቁትን ስም ሁሉ፣ የወንዱንም የሴቱንም፣ አንድ በአንድ ንገሯቸው፤ እያንዳንዱ ለምን እንደወጣ፣ ባለቤቱ ምን ሠርቶ ምን ተቀብሎ እንዳለፈ አትዝለሉ። የሚያሳፍር ታሪክ ቢኖር እንኳ ነገሩን ሳትሸሽጉ ተናገሩ፤ ያልተነገረ ሐዘን በልጅ ላይ ያርፋልና። ከዚያ በኋላ ምርጫውን ለእነርሱ ተዉላቸው። ከባሕር ማዶ የመጣ ስም ቢመርጡም እንኳ፣ ቢያንስ ከምን መካከል እንደመረጡ አውቀው ይሆናል።

ስሙ ሲጸና ደግሞ ሦስት ነገር እንዲጠይቁ ምከሯቸው። ይህ ስም ለሕፃኑ ሳይሆን ለጎልማሳው፣ ለአባቱ ሳይሆን ለልጆቹ ይበጃልን? ልጁ አድጎ ለምን እንዲህ አላችሁኝ ቢል የምንመልስለት አለን? በዚህ ስም ሌላ ሰው ይፈራልን፣ ይናቃልን፣ ይቆጣልን? ሦስቱን ያለፈ ስም አሮጌም ይሁን አዲስ የተባረከ ነው። የስሙን ምክንያትም በደብተር ጻፉላቸው፤ በእጅ ጽሑፋችሁ፣ ቀኑንና ያወጣውን ሰው ጨምራችሁ ጻፉት። ሰባት ቤት መቁጠር የምትችሉ ደግሞ እንደምትችሉ አትመኑ፤ ዛሬ የምታስታውሱት ነገ ሊጠፋባችሁ ይችላል። በእናት በኩልም በአባት በኩልም የምታውቁትን አስቀምጡ፤ የሚቆጥር ባይኖር እንኳ የሚያነብ ይመጣል።

እኩዮቼ፣ የብዙ ነገር ጊዜ አልፎብናል። መንግሥት ሲለወጥ አልተጠየቅንም፣ መሬት ሲለወጥ አልተጠየቅንም፣ ልጆቻችን ሲሰደዱም እንዲቀሩ ለማድረግ አልቻልንም። ይህ ግን ገና በእጃችን ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ማን እንደሆኑ፣ ማን ተብለው እንደተጠሩ፣ ለምንም እንደተጠሩ የሚያውቁ የመጨረሻዎቹ ሰዎች እኛ ነን፤ ከእኛ በኋላ የሚጠየቅ አይኖርም። ስለዚህ የልጅ ልጃችሁ ስም ሲወጣ ዝም ብላችሁ አትቀመጡ። ሂዱና ንገሯቸው።